የምጽዋው መሐንዲስ በብረት ተራ

መርካቶን የሚወድ ሰው የሚወዳት በየተራዋ ነው። አንዱ በርበሬ በረንዳ ደርሶ እያስነጠሰም ቢሆን ቆም ሳይል አያልፍም፤ ሌላው ሸማ ተራ ገብቶ ጥለት ሲያማርጥ ይመሽበታል። የእኔ ልብ ያረፈው ብረት ተራ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ጉዳዬን ጨርሼ የተረፈችኝን ሰዓት ይዤ ወደ አዲስ ከተማ እወርዳለሁ። በጎጃም በረንዳ ገብቼ፣ የታላቁን አንዋር መስጊድ ሚናራና የራጉኤልን ጉልላት ተቀራርበው አይቼ፣ ከተሸካሚውና ከጋሪው ጋር እየተጋፋሁ ብረቱ ወደሚጮኽበት እሄዳለሁ።

ፌሮ ከኢሱዙ ላይ ሲራገፍ መሬቱ ይነዝራል። ላሜራ ይቆረጣል፣ ቱቦላሬ ይጎተታል፣ ብየዳው ብልጭ ይላል፣ ጋሪ ገፊው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ትከሻህን ገፍቶ ያልፋል። የዘይት፣ የዝገትና የተቃጠለ ቀለም ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ይህን ሁሉ እወደዋለሁ። ነገ ምሰሶ፣ በርና ጣሪያ የሚሆነው አዲስ አበባ ዛሬ እዚህ ተጋድሞ ይታያል። ገበያውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያመጡት ያሰቡት የአገሬውን ሰው ከራሳቸው ሰፈር ለመለየት ነበር። የተገፋው ገበያ ግን የከተማይቱ ሆድ ሆኖ ቀረ።

በአንዱ ጉዞዬ ያገኘሁት ግን ሰው ነው።

ከአንድ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ጫማቸው በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ያበራል። ከፊታቸው አንድ ወጣት ተቋራጭ ቆሞ «ባለ 12 ብለው ነው የጫኑልኝ» ይላል። ከሌላ ቦታ የገዛውን ብረት አንድ ዘንግ ይዞ መጥቷል። ካሊፐር አውጥቶ ሊለካ ሲል አዛውንቱ እጁን ያዙት።

«ተወው። ጥርስ ያለው ፌሮ በካሊፐር አይያዝም፤ አንዴ ጥርሱን አንዴ ገላውን ትለካለህ። ሚዛን ላይ አውጣው።»

12 ሜትሩ ዘንግ 9 ኪሎ መዘነ። አዛውንቱ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አውጥተው በሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ላይ ጻፉለት። የብረቱን ውፍረት በሚሊሜትር ታውቃለህ፤ በራሱ አባዛው፤ ለ162 አካፍለው፤ የሚወጣው የአንዱ ሜትር ክብደት በኪሎ ነው። 12 በ12 ሲባዛ 144፤ ለ162 ሲካፈል 0.889። በ12 ሜትር ስታባዛው 10 ኪሎ ከ660 ግራም ገደማ መምዘን ነበረበት። 9 ኪሎ የሚመዝነው 11 ሚሊሜትር የሆነ ብረት ነው።

«አንድ ሚሊሜትር ናት ጋሼ» አለ ልጁ፣ ነገሩ ቀልሎት።

«አንድ ሚሊሜትር አይደለችም። ከስድስት እጅ አንዱ ብረት የለም። አምስት ፌሮ ገዝተህ ስድስት ከፍለሃል፤ ምሰሶህም የሚያውቀው አምስቱን ነው።»

ልጁ ቅዳጇን አጥፎ ኪሱ ከተታትና እየሮጠ ሄደ። እኔ ቀረሁ። «ይህን የት ተማሩት ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምጽዋ» አሉኝ። «ባሕር ኃይል ነበርኩ።»

«መርከበኛ?»

«የለም። መርከቡ የሚጠጋበትን የምሠራ ነበርኩ።»

ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ፤ ቀጥለው ግን «እሱን አትጻፍ፣ ሥራውን ጻፍ» አሉኝ። ስለዚህ የምጽፈው ሥራውን ነው። ከዚያን ቀን በኋላም ደጋግሜ ወደ በርጩማቸው ተመልሻለሁ። ይህን ያህል ዓመት መርካቶን ስወድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ የባሕር እውቀት ተቀምጦ እንደሚጠብቀኝ አላሰብኩም ነበር።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ምጽዋ ዋናው ሰፈር ሆነች፤ አሥመራ ላይ በዓመቱ የመኮንኖች ኮሌጅ ተከፈተ፤ የኖርዌይ መኮንኖች ለማሠልጠን መጡ። ትምህርቱ ከአራት ዓመት በላይ ይወስድ ነበር፤ ሒሳቡና ሳይንሱም የዋዛ አልነበረም። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝመው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የባሕር ኃይሉ ዓይን ነበረች። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ምክትል አዛዥ ነበሩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ስልሳ ሰዎች አንዱ ሆኑ። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የውጭ አገር የጦር መርከቦች ጭምር ይሰለፉ ነበር።

እነዚህን ነገሮች የሚያስታውስ ሰው ዛሬም ይገኛል። ፎቶግራፍ ውስጥ ያለው ግን መርከቡ፣ ነጩ ልብስና ሰንደቁ ነው። መርከቡ የታሰረበት የድንጋይና የአርማታ ግንብ ከሥር ተቆርጦ ይቀራል። የእኚህ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን ያለፈው በዚያ በተቆረጠው የፎቶግራፍ ክፍል ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለጋ ወጣት ሆነው አሥመራ ገቡ፤ ከዚያ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና ተማሩ፤ ተመልሰው ምጽዋ ላይ፣ በኋላም አሰብ ላይ የሠሩት የመርከብ መጠጊያ ጥገና፣ የውኃ ታንከር፣ የነዳጅ ቧንቧ መደገፊያ፣ የወታደር መኖሪያ፣ የመጋዘን ጣሪያ፣ የፍሳሽ መስመር ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል የነገሩኝ ስለ ፍሳሽ መስመር ብቻ ነው። ደጋ ላይ ቁልቁለት አለና ውኃው ራሱ ይሄዳል፤ ምጽዋ ላይ መሬቱ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ አይልም፤ ባሕሩ ሲሞላ በቧንቧው ተመልሶ ይመጣል። እሱን ለመከልከል የተጨነቁትን ጭንቀት ሲያወሩ እጃቸው አየር ላይ ቧንቧ ይዘረጋል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ስለ አርማታ ያስተማሩኝ ነው፤ ይህን ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሲሚንቶ ብረትን ከዝገት ይጠብቃል። የባሕር ጨው ግን በጥቃቅን ቀዳዳ ገብቶ ዓመታት ወስዶ ብረቱ ጋ ይደርሳል። ብረቱ ሲዝግ ያብጣል፤ ከነበረው ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ስለሌለው አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ለተጨማሪ ጨው መንገድ ይከፍታል፤ አንድ ቀን ጥሩ መስሎ የቆመው ግንብ ገላው ተልጦ ይወድቃል። የከፋው ደግሞ በውኃው ከፍታና ዝቅታ መካከል ያለው ክፍል ነው፤ እየራሰ ስለሚደርቅ ጨው ይከማችበታል። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ መሐንዲስ ከብረቱ በላይ ያለውን የአርማታ ሽፋን ያወፍራል፤ ድብልቁን በባሕር ውኃ አያቦካም፤ ከተሞላም በኋላ በንጹሕ ውኃ ለቀናት ያርሰዋል። ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ የሚጠጣ ውኃ በቆጠራ በሚታደልበት ቦታ ላይ ለግንብ ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

«ወታደሩ ውኃ ሲጠማው አርማታ የሚያጠጣ መኮንን ይባል ነበር ስለ እኔ» አሉኝ። «ግንቡ ግን ቆመ።»

ምጽዋ ከእሳቸው በፊትም መሐንዲስን የፈተነች ከተማ ናት። ደሴቶቿ በባሕሩ ላይ በተሠራ የድንጋይ መንገድ ከየብስ የተያያዙ ናቸው፤ በ1913 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷታል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1941 ደግሞ ጣሊያኖች ለእንግሊዝ እጅ ከመስጠታቸው በፊት ወደቡ እንዳይሠራ ብለው መርከቦቻቸውን በወደቡ አፍ አሰጠሙ፤ ሁለቱን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ዶኮችም በቦምብ ወደ ባሕር ወለል ላኩ። እነዚህን ለማንሳት እ.ኤ.አ. በ1942 የመጣው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ነው። ከባሕር ኃይል አካዳሚ በ1914 ተመርቆ፣ በ1926 አገልግሎቱን ለቅቆ፣ በነዳጅ ኩባንያ ዋና መሐንዲስነት ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። አገሩ ጦርነት ስትገባ በ50 ዓመቱ ዩኒፎርሙን መልሶ ለበሰ። ምጽዋ ሲደርስ ትልቁ ዶክ አይነሳም የተባለ ነበር። እሱ ግን በኤርትራውያን ሠራተኞች፣ በጣሊያን ምርኮኞችና በጥቂት ጠላቂዎች ታግዞ፣ አየር በግፊት እየሞላ ከውኃው አወጣው፤ ያልፈነዳ ቦምብም በአንዱ ክፍል ውስጥ ተገኘ። ሥራውን ራሱ በ1946 በመጽሐፍ ጽፎታል።

ጋሼ መጽሐፉን ያውቁታል። አንድ ነገር ግን ይቆጫቸዋል። «የእሱ ተጽፏል፤ ከሥሩ አየር ሲነፉ የነበሩት የአገር ልጆች ስም የት አለ?» አሉኝ። ይህ ቁጭት የእኔም ሆነ።

በሌላው ዓለም የባሕር ኃይል መሐንዲስነት ስም ያለው ሙያ ነው። የሰሜን ዋልታን ደረስኩ ያለው ሮበርት ፒሪ የእንጀራ ሥራው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲቪል መሐንዲስነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ገብቶ ኒካራጓ ላይ የቦይ ቅየሳ ሠራ፤ በ1911 በሪር አድሚራልነት ማዕረግ ጡረታ ወጣ። ቤን ሞሪል ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942፣ የሚገነቡም የሚዋጉም ሻለቃዎች አቋቁሞ፣ በሙሉ አድሚራልነት ተሰናብቶ የትልቅ ብረት ፋብሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሁለቱም ሲሞቱ ሥራቸው በጽሑፍ ነበረ። ከባሕር ወደ ብረት የሄደው ሞሪል ብቻ እንዳልሆነ ግን እኔ ምስክር ነኝ፤ የእኛው መሐንዲስ ደመወዝ የሌለበት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያንኑ እውቀት ለመርካቶ ያድላሉ።

ወደ መርካቶ እንዴት መጡ? በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ እሳቸው አሰብ ነበሩ። በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ቀረች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በኋላ ወደ ጅቡቲ የተሻገሩት መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1996 በጨረታ ተሸጡ፤ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ። መርከበኛ መርከቡን ይዞ ሊሸሽ ይችላል፤ ግንብ የሠራ ሰው ምን ይዞ ይሸሻል? እሳቸው ከአሰብ በእግርና በመኪና ጅቡቲ ደርሰው፣ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ ገቡ። መርካቶ ብረት የሚነግድ የአክስታቸው ልጅ «ና፣ ከእኔ ጋር ተቀመጥ» አላቸው። ተቀመጡ።

ያን ዘመን ሲያነሱ ድምፃቸው አይከብድም። ምጽዋ ዛሬ የሌላ አገር ናት፤ እሱን በሚገባ ያውቁታል። «ግንቡ ለቆመበት አገር ሕዝብ ያገልግል፤ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ካሠረበት ደስ ይለኛል» ነው ያሉኝ። ከሠራው ነገር ጋር እንዲህ የሚለያይ ሰው ብዙ አላየሁም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ምናለሽ ተራ ወጣን። ምናለሽ ተራን የማያውቅ አንባቢ ካለ ይሂድ፤ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ሁሉ እዚያ ደርሶ ዳግም ይወለዳል። በርሜል ተቀዶ ከሰል ማንደጃና የምጣድ ክዳን ይሆናል፤ ጎማ ተገሽልጦ በረባሶና ገመድ ይሆናል፤ መዶሻው ከጧት እስከ ማታ አያርፍም። ጋሼ በየደረሱበት ሰላምታ እየተቀበሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይሄዳሉ። አንድ ሱቅ የሆነ ኮንቴይነር ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ይህን እይ» ብለው የማዕዘኑን ብረት በጣታቸው መቱት። ሦስት ሞላላ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ቁራጭ ነው። «ክሬኑ የሚይዘው፣ ከመርከቡም ከጭነት መኪናውም ጋር የሚቆለፈው በዚህ ነው። ሸክሙ ሁሉ በአራቱ ማዕዘን ምሰሶ ይወርዳል፤ ሌሎች ኮንቴይነሮች ከላዩ ቢደረደሩም ይችላል።» ቀጥለው ወደ ረዥሙ ጎን ዞሩ። ባለሱቁ ሰፊ በር እንዲወጣለት ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቆርጦታል፤ ከላይ ያለው ዘንግ መሐሉ ላይ ጎብጧል። «ግድግዳው የታጠፈው ለጌጥ አይደለም፤ ጣሪያውን የያዘው እሱ ነው። ስትቆርጠው በምትኩ ምሰሶ ትተክላለህ።» ባለሱቁን ጠርተው የት ላይ ምን ዓይነት ቱቦላሬ እንደሚያቆም በጠመኔ ምልክት አደረጉለት። «እሺ ጋሼ፣ ነገውኑ» አለ ሰውየው፤ ቡና እንድንጠጣም ግድ ብሎ አስቀመጠን።

ስንጠጣ ያሰብኩትን ልናገር። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚተላለፈው በጅቡቲ ነው። እኛ የተቀመጥንበት ብረት፣ የጠጣንበት ሲኒ፣ ከዱባይ ተራ እስከ ቦምብ ተራ የተደረደረው ዕቃ አብዛኛው መርከብ ላይ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ አንድ መሐንዲስ በሠራው የባሕር ግንብ ላይ አርፎ ነው የወረደው። ባሕር የሌላት አገር ናት የሚለውን ስሰማ አድጌያለሁ። መርካቶ ግን በየቀኑ የምትበላው ከባሕር ነው። ወደብን የሚያውቅ ሰው እዚህ ቦታ አለው፤ ባይተዋር አይደለም።

እውቀቱ ደግሞ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ባሕር ኃይሉ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና እየተደራጀ ነው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ይህንኑ የሚመለከት የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈርሟል። በእኔ ከተማ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የንግድ መርከብ መሐንዲሶች ሠልጥነው ወደ ዓለም ባሕሮች ይሄዳሉ። እነዚህ ልጆች ስለ ሞተርና ስለ ጉዞ መምህር አላቸው። ስለ መጠጊያው፣ ጨው አርማታን እንዴት እንደሚበላው፣ ባሕር ሲሞላ ፍሳሽ እንዴት እንደሚመለስ በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ በአማርኛ ሊነግራቸው የሚችል ኢትዮጵያዊ ግን ዕድሜው ሰባ አልፎታል። ስለ ጉዳዩ ስጠይቃቸው ጋሼ ያሉኝ አጭር ነው፦ «የሚጠይቀኝ ካለ እነግራለሁ። ብረት ተራ ነኝ።»

ስለዚህ ባሕር ኃይሉን ዛሬ የምታደራጁ፣ ምህንድስና የምታስተምሩ ሰዎች፦ ከመርከበኞቹ ጋር የግንብ ሠሪዎቹንም ፈልጉ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም፣ አንቺም፦ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ምጽዋ ወይም አሰብ የሠራ አባት፣ አጎት ወይም አያት ካለ በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ይዛችሁ ከፊቱ ተቀመጡ። መርከቡ የታሰረበትን ግንብ ማን እንደሠራው፣ ሲሚንቶው ከየት እንደመጣ፣ አብሮት የሠራው ሰው ስም ማን እንደነበር ጠይቁት። ስሞቹን ሳታስቀሩ ጻፉ።